በደጋ ሐይቅ ላይ ዳክዬ ለመለየት፦ መጀመሪያ ቢጫ ምንቃሩን

በውጭ አገር የታተመ የወፍ መጽሐፍ ይዞ ወደ ደጋ ሐይቅ የሚወርድ ጀማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ራሱ አረንጓዴ የሆነ ዳክዬ ያያል፤ መጽሐፉን ሲገልጥ አረንጓዴ ራስ ያለው ማላርድ ተሥሎ ያገኛል፤ ስሙን ጽፎ ያልፋል። ማላርድ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በየኩሬው የሚታይ ወፍ ነው፤ በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ ግን የሚጠበቅ አይደለም። በጥር ወር በሐሸንጌ ሐይቅ ወይም በገፈርሳ ግድብ ላይ አረንጓዴ ራስ ከታያችሁ «ሾቬለር ነው» ብላችሁ ተነሡና ምንቃሩን አረጋግጡ። የወንዱ ሾቬለር ምንቃር ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ እንደ ጭልፋ የሰፋ ነው። ደረቱ ነጭ፣ ጎኑና ሆዱ ቀይ ቡናማ፣ ዓይኑ ቢጫ ነው። የማላርድ ወንድ ግን ምንቃሩ ቢጫ፣ ደረቱ ቡናማ ሲሆን አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው።

ስህተቱ የሚመጣው ከቀለም በመጀመር ነው። አረንጓዴው ራስ ወፉ ትንሽ ዞር ሲል ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል። ፀሐይ ከወፉ በስተጀርባ ከሆነች ደግሞ ሐይቁ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ጥላ ነው። ከሰሜን፣ ከአውሮፓና ከእስያ፣ በየዓመቱ የሚመጡት ዳክዬዎች ወንዶችም ሲደርሱ ገና የሴት መሳይ ላባቸውን አልቀየሩም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወፉ ውሃው ላይ እንዴት እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚመገብ ነው፤ ቀጥሎ መጠኑ፣ ከዚያ ምንቃሩ፣ ከዚያ ክንፉ ይታያል። ቀለም ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ማረጋገጫ ሆኖ ይመጣል።

መጠን ያለ መለኪያ አይታወቅም። ባዶ ውሃ ላይ ብቻውን ያለ ዳክዬ ትልቅም ትንሽም ሊመስል ይችላል። በአገራችን ደጋ መለኪያ የሚሆነው ቢጫ ምንቃር ዳክዬ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ በአብዛኛው የደጋ ሐይቅ፣ ግድብና ጨፌ ላይ ይገኛል፣ ወንዱና ሴቷም በጣም ይመሳሰላሉ። ይህን አንድ ወፍ በደንብ ያጠና ሰው ከሌሎቹ ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

ርዝመቱ ከ51 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። አካሉ ግራጫ ቡናማ ሲሆን እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩ ፈዛዛ ስለሆነ ከቅርብ ሲታይ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። ራሱና አንገቱ ከአካሉ ይጠቁራሉ። ምንቃሩ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ከላይ በመካከሉ ጥቁር ቦታ፣ ጫፉ ላይም ጥቁር ነጥብ አለው። ሲበር በክንፉ የኋላ ክፍል የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ አረንጓዴ ጥብጣብ ይታያል፤ ከፊትና ከኋላ በቀጭን ነጭ መስመር ታጥሯል። የክንፉ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ነው። የእኛው ደጋ ዳክዬ ከደቡብ አፍሪካው ይበልጥ ጠቆር ያለ ዝርያ በመሆኑ የደቡብ አፍሪካን መጽሐፍ የያዘ ሰው «ይሄ በጣም ጠቆረ» ብሎ እንዳይጠራጠር። የሚያሳስተው ሌላው ነገር ርቀት ነው፦ ከ300 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ቢጫው ምንቃር ይጠፋል። ያኔ የሚቀረው ጠቆር ያለ፣ አንድ ወጥ፣ መካከለኛ ዳክዬ ነው፤ እሱንም በቅርጹ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

መለኪያው በእጅ ከገባ በኋላ ሌላውን ዳክዬ ሁሉ ከጎኑ አስቀምጡት፤ የሚከተሉት አምስቱም ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ሾቬለር ትንሽ ያንሳል፣ ፊቱም ወደ ውሃው ያዘነበለ ነው። ፒንቴይል በአካል ይስተካከለዋል፣ አንገቱ ግን ረጅምና ቀጭን ነው። ዊጅን አጠር ብሎ ክብ ራስ አለው። ጋርጋኒ ከ37 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር፣ ቲል ከ34 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ ከቢጫ ምንቃሩ አጠገብ ሲዋኙ ጫጩት ይመስላሉ። ሁለት ወፎች በአንድ መነጽር እይታ ውስጥ እስኪገቡ መታገሥ ማንኛውም መጽሐፍ ከሚሰጠው የሴንቲ ሜትር ቁጥር ይበልጣል።

የአመጋገባቸው ነገር ቀላል ነው። አንዳንዶቹ ውሃው ላይ እንደተንሳፈፉ ራሳቸውን ነክረው ጭራቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ይመገባሉ፤ ነካሪዎች እንበላቸው። ሌሎቹ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃሉ፤ እነዚህ ጠላቂዎች ናቸው። ነካሪው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ጭራው ከውሃው በላይ ነው፣ ሲነሣም ከውሃው ቀጥ ብሎ ይዘላል። ጠላቂው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ጭራው ውሃውን ሊነካ ይደርሳል፣ ሲነሣ ደግሞ ውሃው ላይ እየሮጠ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅልፍ ላይ ያለ ጠላቂ አይጠልቅም፣ የደነገጠ ነካሪም አልፎ አልፎ ይጠልቃል። አንድ ጊዜ በማየት አትፍረዱ።

ወቅቱም ራሱ ብዙ ይናገራል። ከሰሜን የሚመጡት ዳክዬዎች ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይገባሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይበዛሉ፤ አብዛኞቹ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይመለሳሉ። በሐምሌ በደጋ ሐይቅ ላይ ያለ ዳክዬ ከሞላ ጎደል ነዋሪው ነው፤ በዚያ ወር ፒንቴይል የጻፈ ሰው ደግሞ ቢያይ ይሻላል። ጥቅምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሐይቁ በእንግዶች ተሞልቶ ሁሉም ቡናማ ነው። የወንዶቹ ውብ ላባ ገና አልወጣም። የሾቬለር ወንድ በዚህ የሽግግር ጊዜ በዓይኑና በምንቃሩ መካከል ፈዛዛ ነጭ ቅስት ያወጣል፤ ይህ ሌላ ዝርያ ያገኙ የሚመስላቸውን ሰዎች ደጋግሞ ያታልላል። የጋርጋኒ ወንድ ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል፤ ሌሎቹ ለብሰው ከጨረሱ በኋላ እንኳ የሴት መልክ ይዞ ይቆያልና ነጩን ሰፊ ቅንድቡን እስከ ጥር ወይም የካቲት ላታዩት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ዳክዬ መለየት ማለት ቡናማዎቹን መለየት ነው። ወንዶቹን በሙሉ ላባቸው ማንም ያውቃቸዋል፤ የፒንቴይልን ሾጣጣ ጭራና አንገቱ ላይ የሚወጣውን ነጭ መስመር፣ የዊጅንን ቢጫማ ግንባር በቀይ ቡናማ ራስ ላይ፣ የቲልን አረንጓዴ የዓይን ጥላና ከጭራው ጎን ያለውን ቢጫማ ሦስት ማዕዘን ለማስታወስ አንድ ቀን ይበቃል። ሴቶቹ ናቸው ጊዜ የሚወስዱት።

ሴቷ ሾቬለር በምንቃሯ ብቻ ትለያለች፤ ጎኑ ብርቱካናማ የሆነ፣ ለራሷ የማይመጥን የሚመስል ትልቅ ምንቃር ነው። ሴቷ ፒንቴይል ጭራዋ እንደ ወንዱ አይረዝምም፣ ሹል ግን ነው። ራሷ ምንም ምልክት የሌለው ለስላሳ ቡናማ ሲሆን ምንቃሯ ግራጫ ነው፤ ስትበር በክንፏ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ መስመር ከሩቅ ይታያል። ሴቷ ዊጅን ክብ ራስ፣ ጫፉ የጠቆረ አጭር ግራጫ ሰማያዊ ምንቃር፣ ቀላ ያለ ጎን አላት፤ ሆዷ ግን ድንገት ተቆርጦ እንደተለጠፈ ነጭ ነው፣ ስትበርም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ዊጅን ከውሃ ወጥቶ ሣር መጋጥ ይወዳል፤ ሐይቅ ዳር በመንጋ ሆነው የሚግጡ ትንንሽ ዳክዬዎች ካሉ መጀመሪያ እነሱን ጠርጥሩ። የወንዱን ጥርት ያለ ፉጨት ደግሞ ሳታዩ ልታውቁት ትችላላችሁ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የቲልና የጋርጋኒ ሴቶች ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ዥጉርጉር ቡናማ ናቸው። ፊታቸውን እዩ። የቲል ፊት ከሞላ ጎደል አንድ ወጥ ነው፤ በዓይኗ በኩል የምታልፈው ጥቁር መስመር ደብዛዛ ናት። የጋርጋኒ ፊት ባለመስመር ነው፦ ከዓይኗ በላይ ፈዛዛ ቅንድብ፣ በዓይኗ በኩል ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ እንደገና ፈዛዛ፣ ጉንጯ ላይ ሌላ ጠቆር ያለ መስመር፣ ጉሮሮዋ ነጭ። ምንቃሯ ከፊቷ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክብ ፈዛዛ ነጥብ አለ። ምንቃሯም ከቲል ይረዝማል፣ ሙሉ በሙሉ ግራጫ ነው፤ የቲል ምንቃር ግን ከሥሩ ብርቱካናማ ሊነካው ይችላል። ፊቷ ካልታየ ወደ ጭራዋ ሂዱ። ቲል በጭራዋ ጎን ቀጭን ፈዛዛ ሰረዝ አላት፤ ጋርጋኒ ይህ ጎልቶ አይታይባትም። በበረራ ጊዜ የቲል አረንጓዴ ጥብጣብ ደማቅ ነው፣ ከፊቱ ያለው ነጭ መስመር ከኋላው ይሰፋል። የሴቷ ጋርጋኒ ጥብጣብ ደብዛዛ ነው፣ ነጩም የሚሰፋው በኋላ በኩል ነው። አንዲት ዳክዬ አንድ ምልክት ብቻ ካሳየች ስሙን አትጻፉ፤ ሁለት ሲገጣጠሙ ጻፉ።

በዚህ መጠን ሁለት ነዋሪዎችም አሉ፤ ሁለቱም ጥቁር ቆብና ፈዛዛ ጉንጭ ስላላቸው ይምታታሉ። ምንቃሩ ቀይ የሆነውና ከፍ የሚለው ቀይ ምንቃር ቲል ነው። ምንቃሩ ሰማያዊ የሆነውና ከሁሉም የሚያንሰው ሆተንቶት ቲል ነው፤ እሱ ፊላና ሣር ውስጥ መሸሸግ ይወዳል።

ጠላቂዎቹ ጋ ስትደርሱ የምትፈልጉት የዓይን ቀለም ነው። ሦስት ጥቁር ቡናማ ዳክዬዎች ይምታታሉ፦ ተፍትድ ዳክ፣ ፌሩጂነስ እና ሳውዘርን ፖቻርድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ናቸው፣ ሦስተኛው አፍሪካዊ ነው። ሦስቱም ሲበሩ በክንፋቸው ርዝመት ነጭ መስመር ስለሚያሳዩ ክንፍ ብቻውን አይፈርድም። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ተፍትድ ነው። ነጭ ከሆነ ወንድ ፌሩጂነስ፣ ቀይ ከሆነ ወንድ ሳውዘርን ፖቻርድ ነው። ጥቁር ሆኖ ከታየ ከሁለቱ የአንዱ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ፊቷን ተመልከቱ፤ ሴቷ ሳውዘርን ፖቻርድ ምንቃሯ ከፊቷ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነጭ ቦታ፣ ከዓይኗ ኋላም ወደ አንገቷ የሚወርድ ነጭ ቅስት አላት፤ ሴቷ ፌሩጂነስ ፊቷ ባዶ ነው።

ይህ የዓይን ቀለምና የምልክት መለያ የሚያሳስትበት ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያው፦ የዓመቱ ጫጩት የሆነ ተፍትድ በጥቅምትና በኅዳር ዓይኑ ገና አልደመቀም፣ ቡናማ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው፦ መጻሕፍት «ከጭራው ሥር ነጭ ከሆነ ፌሩጂነስ ነው» ይላሉ፤ አንዳንድ ሴት ተፍትዶችም ግን ከጭራቸው ሥር ነጭ አላቸው። ያኔ ወደ ምንቃሩ ጫፍና ወደ ራስ ቅርጽ መሄድ ነው። የተፍትድ ምንቃር ጫፉ ሰፋ ብሎ ይጠቁራል፤ የፌሩጂነስ የሚጠቁረው ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት። ተፍትድ በሴቷም ላይ ቢያንስ አጭር ቁንጮ ከኋላ አላት፤ ፌሩጂነስ ቁንጮ የለውም፣ አናቱ ግን መካከሉ ላይ ሾጠጥ ብሎ ይነሣል። ከጠለቀ በኋላ ወዲያው የወጣ ወፍ ላባው ተጣብቆ ቁንጮውም አናቱም ስለሚጠፋ ትንሽ እስኪደርቅ ጠብቁት።

ማኮዋ የሚባለው ዳክዬ ከእነዚህ ጋር አይምታታም፤ ዋናው ችግር ማግኘቱ ነው። ደንዳና፣ አጭር አንገት ያለው ጠላቂ ሲሆን ጭራው ጠንካራ ነው፣ አንዳንዴ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ አንዳንዴ ውሃው ላይ ያስተኛዋል። ወንዱ በመራቢያ ጊዜ ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ቀይ ቡናማ፣ ምንቃሩ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ሴቷ ከዓይኗ ሥር አንድ ፈዛዛ መስመር፣ ከጉንጯ በታችም ፈዛዛ ጉሮሮ ስላላት ፊቷ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ይመስላል። ማኮዋ ሲደነግጥ ከመብረር ይልቅ መጥለቅን ይመርጣል፤ በሌላ ቦታ ብቅ ሲል ካላያችሁት «የለም» ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

ከ3500 ሜትር በላይ የዝርያው ቁጥር ይቀንሳል፣ መለየቱም ይቀላል። በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ላይ፣ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ባሉት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ዙሪያ የሚታየው ትልቅ ብርቱካናማ ወፍ ሩዲ ሼልዳክ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ራሱ ከአካሉ ይፈዝዛል፣ ጭራውና የክንፉ ጫፍ ጥቁር ናቸው፣ ሲበር የክንፉ ፊተኛ ክፍል ነጭ ሆኖ ይገለጣል። ወንዱ በመራቢያ ጊዜ አንገቱ ላይ ቀጭን ጥቁር ቀለበት አለው፤ ሴቷ ፊቷ ነጣ ያለ ነው። የዚህ ወፍ ዋና አገር ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ እስከ መካከለኛው እስያ ነው፤ የባሌዎቹ ግን ተነጥለው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ብታዩትም አትደነቁ፤ ከላይ ያልነው የወቅት ደንብ እሱን አይመለከትም።

በዚያው ጨፌ የሚግጠው ግራጫማ፣ ደልዳላ፣ አጭር ጥቁር ምንቃርና ጥቁር እግር ያለው ወፍ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ለመለየት ክንፉን መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ አስተኝቶ ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ ሌላ ወፍ አይመስልም። ላባው ለብርድ የተሠራ፣ ወፍራም ነው። ሲነሣ የክንፉ ትከሻ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ከኋላው አረንጓዴ ጥብጣብ ይከተላል። በገፈርሳ አካባቢም ሆነ በሱሉልታ ሜዳ ከሱ ጋር የሚምታታው የግብፅ ዝይ ነው፤ የግብፅ ዝይ ዓይኑን የከበበ ቡናማ ቦታ፣ ደረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ፣ ሮዝ እግር አለው፣ የክንፉ ትከሻም ነጭ ነው።

ወደ ሐይቁ የሚገባውን ጅረት ችላ አትበሉ። ድንጋያማ፣ በፍጥነት የሚፈስ ውሃ ላይ ጥንድ ሆነው ያሉ ጠቆር ያሉ ዳክዬዎች ካያችሁ የአፍሪካ ጥቁር ዳክዬ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቢጫ ምንቃሩ የሚለዩት ጀርባቸው ላይ ባሉት ጎላ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነው፤ ምንቃራቸውም ቢጫ አይደለም፣ ሮዝ ሆኖ ጥቁር ቦታ አለው። መንጋ አይፈጥሩም። ሐይቅ መካከል ላይ ሠላሳ ሆነው የተንሳፈፉ «ጥቁር ዳክዬዎች» ቢጫ ምንቃር ናቸው፣ ወይም ጨርሶ ዳክዬ አይደሉም፤ ጥቁር አካል፣ ነጭ ምንቃርና ነጭ የግንባር ጋሻ ያለው፣ ኩት የሚባለው የውሃ ወፍ በብዙ የደጋ ሐይቆች ላይ ከዳክዬ ሁሉ ሊበዛ ይችላል። ግሪብ የሚባለው የውሃ ወፍም ይጠልቃል፣ ምንቃሩ ግን ሹል ነው እንጂ ጠፍጣፋ አይደለም።

መሣሪያን በተመለከተ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ የሁለት ዓይን መነጽር) ከ10 በ42 ይሻላል። በ4000 ሜትር ላይ ዳገት የወጣ ሰው ደረቱ እየተነፋ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ 10 እጥፍ ደግሞ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል። ለዓይን ቀለምና ለምንቃር ጫፍ ግን ስኮፕ (በአንድ ዓይን የሚታይበት ሩቅ ማሳያ) እና ጠንካራ ባለሦስት እግር መቆሚያ ያስፈልጋል። ስኮፑ እስከ 60 ያጎላል ተብሎ ሁልጊዜ 60 ላይ አይሠራበትም፤ ፀሐይዋ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ከሐይቁ ዳር የሚነሣው አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ያኔ ወደ 25 ወይም 30 መልሱት። ጠዋት ሁለት ነገር ያተርፋል፦ አየሩ ገና አልተርገበገበም፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ሞገድ ሲኖር ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ጠላቂ በሁለት ማዕበል መካከል ይጠፋል። ጠዋት ሐይቁን ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል ተመልከቱ፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን።

ሰማይን ጀርባ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ አትቁሙ። ዳክዬዎቹ አንገታቸውን አቅንተው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መዋኘት ከጀመሩ ቀርባችኋል፤ ቁሙ፣ ተቀመጡ። ክንፍ ለማየት ሲባል መንጋውን ማስነሣት ነውር ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት ብትታገሡ አንዱ ላባውን ሲያበጥር ወይም ክንፉን ወደ ኋላና ወደ ታች ሲዘረጋ ጥብጣቡን ከነነጭ መስመሩ ያሳያችኋል። ፎቶ የምታነሡ ከሆነ ለበረራ የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ 1/1600 አይነስ። ብሩህ ውሃ ካሜራውን ስለሚያታልለው ወፉ ይጨልማል፤ ብርሃኑን ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ) ጨምሩ። የሾቬለር ነጭ ደረት ላይ ግን ይህን ጭማሪ አንሡት፣ አለዚያ ነጩ ደምቆ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ስትቆጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ በእርጋታ ሂዱ። ጠላቂዎች ባሉበት ሦስት ጊዜ ቁጠሩና ትልቁን ቁጥር ያዙ፤ በእያንዳንዱ ቆጠራ የተወሰኑት ውሃ ሥር ናቸው። ማስታወሻው ላይ የዝርያውን ስም ብቻ ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች፣ የምንቃር ቀለም፣ ዓይን፣ ከጭራ ሥር፣ ክንፍ። «ጠላቂ፣ ቡናማ፣ ነጭ የክንፍ መስመር፣ ከጭራ ሥር ነጭ፣ ዓይኑ አልታየም፤ ተፍትድ ወይም ፌሩጂነስ» የሚል መዝገብ ለሚቀጥለው ተመልካች በግምት ከተጻፈ ስም የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ምን እንደጎደለና ሲሄድ የትኛውን ምልክት እንደሚፈልግ ያውቃል።